ሻኛው ይቀድማል፦ የአኒሜሽን ገጸ ባሕርያትን የሚቀርፁ እጆች

ክረምት ሲገባ ቤቴል ጭቃ ነው። አስፋልቱን ለቆ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ድንጋይ እየመረጠ ነው የሚረግጠው። አምና ሐምሌ ላይ እንዲሁ ድንጋይ እየመረጥኩ ወደ ቤቴ ስገባ፣ ለመሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ ዳር ሦስት ልጆች ቁጢጥ ብለው አየሁ። ከጉድጓዱ በወጣው ዋልካ ከብት ይሠራሉ። ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ማየቴ ግን ደስ አለኝና ቆምኩ። አንደኛው፣ ቢበዛ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በሬውን የጀመረው ከራሱም ከእግሩም አልነበረም። ገላው ገና ድብልብል ጭቃ ሳለ በሁለት ጣቱ ከጀርባው ቆነጠጠና ሻኛውን ወደ ላይ ሳበው።

«ማሙሽ፣ እግሩስ?» አልኩት።

«መጀመሪያ በሬ ይሁን እንጂ ጋሼ!» አለኝ ቀና ሳይል።

ልጁ ልክ ነው። እግርማ አህያም አለው። ጭቃውን ከሩቅ ያየ ሰው «በሬ ነው» እንዲል ሻኛው መቅደም አለበት፤ ከእውነተኛው በሬ ሻኛም ገነን ማለት አለበት። ይህችኑ ዕውቀት ይዘው ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የአኒሜሽን ገጸ ባሕርያት ቀራፂዎች ይባላሉ። የእጃቸው ሥራ ብዙ ጊዜ በፊልሙ ውስጥ አይታይም። ስማቸውም ፊልሙ አልቆ ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ በሚያልፈው ጽሑፍ መሐል ነው የሚገኘው። ልጆቻችን በፍቅር ከሚያዩዋቸው ገጸ ባሕርያት ብዙዎቹ ግን ከመሮጣቸውና ከመሳቃቸው በፊት በእነዚህ ሰዎች መዳፍ ውስጥ አልፈዋል።

በወረቀት ላይ ለሚሳል ፊልም ቀራፂ ምን ያደርግለታል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። አንድ የ80 ደቂቃ ፊልም ማለት 115,200 ምስል ነው። አንዳንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ እየተነሳ ድካሙ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ያን ሁሉ አንድ ሰው ሊስለው አይችልም። ሥራው ለብዙ ሠዓሊ ይከፋፈላል። አንዱ የገጸ ባሕርዩን ጉንጭ ሞላ አድርጎ፣ ሌላው ሸርተት አድርጎ ቢስለው፣ ተመልካቹ ፊት አንድ ልጅ በየትዕይንቱ ሌላ ልጅ እየሆነ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉም ሠዓሊ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እያዞረ፣ ከላይም ከታችም እያየ የሚስለው አንድ ትንሽ ሐውልት ያስፈልጋል። ቁመቱ ከክንድ አይበልጥም፤ ማኬት ይሉታል።

ይህን አሠራር በወግ ያደራጀው የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጆ ግራንት የተባለው ሠዓሊ የሚመራው የገጸ ባሕርያት ሞዴል ክፍል ተቋቋመ። በ1940 ለወጣው «ፒኖኪዮ» ክፍሉ ገጸ ባሕርያቱን በጭቃ እየቀረፀ፣ በጀሶ እያባዛ፣ ቀለም እየቀባ ለሠዓሊዎቹ ያድል ነበር። ለፒኖኪዮ ለራሱማ በክር የሚንቀሳቀስ እውነተኛ አሻንጉሊት ተሠርቶለታል፤ ከእንጨት የተጠረበ ልጅ መገጣጠሚያው እንዴት እንደሚታጠፍ ማወቅ ነበረባቸው። ጆ ግራንት ከዚያ በኋላ ከስቱዲዮው ወጥቶ ለረጅም ዓመታት ርቆ ከቆየ በኋላ በስተርጅና ተመልሶ ገባ፤ በ2005 ሲሞት 97 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ድረስም ሲስል ነበር።

ቀራፂው ሥራውን የሚጀምረው ከሥዕል ነው። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ሠዓሊ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የሚታይበትን ሥዕል ይሰጠዋል። ችግሩም እዚያው ላይ ይጀምራል፤ ሥዕል ይዋሻልና። የሚኪ ማውስን ጆሮ አስቡት። ፊቱን ወደ እናንተ ቢያዞር ሁለት ክብ ነው፤ ወደ ጎን ቢዞርም ያው ሁለት ክብ ነው። ወረቀት ላይ ይህ ምንም አያስቸግርም። ጭቃ ላይ ግን ጆሮ አንድ ቦታ መተከል አለበት፤ ከተተከለ ደግሞ ከጎን ሲታይ ይጠባል። ቀራፂው የሠዓሊውን ውሸት ሳያጋልጥ እውነት ማድረግ አለበት። ክብ ይመስል ዘንድ የት ላይ ያወፍረው? ወዴት ያዘንብለው? እንዲህ ያለውን ነገር ቆሞ የሚወስነው እሱ ነው።

ለእኛ ሀገር ሰው ይህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ ይሳላል፤ ክፉው፣ ከሃዲውና ሰይጣኑ ደግሞ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይታያል። ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ የገጸ ባሕርይ አሣሣል ደንብ የት ይገኛል? ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ግድግዳውን አይቶ ማን ምን እንደሆነ ያውቃል። አሁን እነዚያን ሰዎች ከግድግዳው አውርዳችሁ በጭቃ ሥሯቸው ብትባሉስ? በጭቃ ሁሉም ሁለት ዓይን አለው። ክፉው ከፊት ለፊት ሲታይም ክፉ መምሰል አለበት። ስለዚህ ክፋቱን ከዓይኑ ቁጥር ላይ አንስታችሁ ትከሻው አቀማመጥ ላይ፣ አንገቱ አቀባበር ላይ፣ አገጩ አወጣጥ ላይ ማኖር ይኖርባችኋል። የቀራፂው ሙያ ይህ ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚያስተምር ነው ብዬም አምናለሁ።

ሙያው ምን ያህል ዕድሜ እንደሚያዘልቅ ለማየት የአሜሪካዊውን የኬንት ሜልተንን ሕይወት መመልከት በቂ ነው። በ1992 በወጣው «አላዲን» እና በ1994 በወጣው «ዘ ላየን ኪንግ» ላይ ሲሠራ ፊልሞቹ በእጅ የሚሳሉ ነበሩ። በ2004 «ዘ ኢንክሬዲብልስ» ላይ ሲሠራ ፊልሙ ሙሉ በሙሉ የኮምፒውተር ነበር። በ2009 ለወጣው «ኮራላይን» ሲቀርፅ ደግሞ ፊልሙ በእውነተኛ አሻንጉሊቶች፣ ፎቶ በፎቶ እየተነሳ የተሠራ ነበር፤ ፊታቸውን ማሽን እያተመ በየስሜቱ የሚቀያየሩ አሻንጉሊቶች። የአሠራሩ ዓይነት ሦስት፣ እጁ ግን አንድ ነው። በየጊዜው «ይህ ሙያ አበቃለት» ሲባል ጭቃው ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ይወጣ ነበር። ሜልተን በ2024 አረፈ።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ልጅ ልመለስ። ወ/ሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበሩ። በ2005 ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሥርተው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ጀመሩ። ፀሐይ ማን እንደሆነች ለአዲስ አበባ ወላጅ መንገር አያሻም፤ ጥያቄ የማይሰለቻት ትንሽ ቀጭኔ ናት። አጀማመራቸው ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ጋር አይወዳደርም፤ አሻንጉሊቶቹን በእጃቸው ሠርተው ነው በቤታቸው ሳሎን መቅረፅ የጀመሩት። ድምፅዋም የብሩክታዊት የራሳቸው ነው። በ2008 ፕሮግራሙ የጃፓን ሽልማትንና የጀርመኑን ፕሪ ዠኔስ አገኘ፤ በ2010 ደግሞ ብሩክታዊት የሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚ ሆኑ። ፀሐይም ከጊዜ በኋላ በአኒሜሽን መጣች።

እኔ ስለ ሽልማቱ ሳይሆን ስለ አንገቷ ማውራት እፈልጋለሁ። በእጅ የሚለበስ አሻንጉሊት ሲሠራ አራቱ ጣቶች የላይኛው ከንፈር ናቸው፤ አውራ ጣት የታችኛው። ከእጅ አንጓ ወደ ታች ያለው ክንድ እንግዲህ ምን ይሁን? ድመት ወይም አንበሳ ብትሠሩ ክንዳችሁን በልብስ ወይም በመጋረጃ መደበቅ ሊኖርባችሁ ነው። ቀጭኔ ከሆነች ግን ክንዱ አንገቷ ነው! ክንዱ ረዘመ አይባልም፤ ቀጭኔ ናታ። ስታስብ ዘንበል፣ ስትደነግጥ ሽቅብ፣ ስታፍር ዝቅ ትላለች። ታስቦበት ይሁን እንዲያው የመጣ፣ የገጸ ባሕርይዋ መለያና የሠሪው እጅ አንድ የሆኑበት ሥራ ነው። የበሬው ሻኛ ለዚያ ልጅ ምን እንደሆነ፣ አንገት ለፀሐይ እንዲያ ነው። አሻንጉሊት በእጅ ተሠርታ የኖረች ስለሆነ ወደ አኒሜሽን ስትሻገር ከየት ተነስታ እንዴት እንደምትዞር የሚያውቅ ሰው ነበር። ሌሎቹን የአሁን ገጸ ባሕርያት ሳይ የምናፍቀው ይህንን ነው።

የዛሬው ቀራፂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ስክሪን ላይ ነው። ወደዚያ ያሻገረውም ጭቃና ጀሶ ነው። በ1972 ኤድ ካትመል የተባለ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግራ እጁን በጀሶ ቀዳ። በጀሶው እጅ ላይ 350 ያህል ሦስት ማዕዘንና ብዙ ማዕዘን አሰመረ፤ የእያንዳንዱን ጥግ ለክቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባ። ኮምፒውተሩም ያቺን እጅ አዟዟራት፣ ጣቶቿንም አጠፋቸው። ይኸው ሰው በኋላ ከፒክሳር መሥራቾች አንዱ ሆነ። ፒክሳር በ1995 «ቶይ ስቶሪ»ን ሲያወጣም ከገጸ ባሕርያቱ አንዳንዶቹ መጀመሪያ በጭቃ ተቀርፀው፣ ላያቸው ላይ መረብ ተሰምሮ፣ ነጥብ በነጥብ ነበር ወደ ኮምፒውተር የገቡት። በ1999 ዚብረሽ የተባለው ፕሮግራም ሲመጣ ቀራፂዎች ስክሪን ላይ እንደ ጭቃ የሚጫን፣ የሚሳብና የሚቦረቦር ነገር አገኙ። በእኛ ሀገር ወጣቶች እጅ በብዛት ያለው ደግሞ በነፃ የሚገኘው ብሌንደር ነው።

ሥራው ስክሪን ላይ በመቅረፅ ብቻ አያልቅም። ገጸ ባሕርዩ እንዲናገርና እንዲስቅ ገላው ላይ ያለው መረብ ሥርዓት ይዞ መዘርጋት አለበት፤ በዓይንና በአፍ ዙሪያ እንደ ቀለበት፣ በክርንና በጉልበት ላይ ጠበቅ ጠበቅ እያለ። መረቡ እንደ ቀለበት ካልዞረ ሲስቅ ጉንጩ ይጨማደዳል። ከዚያ አጥንት ይገባለታል፤ ከአጥንቱ በኋላ አንቀሳቃሹ ይረከበዋል።

አፉ ላይ ትንሽ መቆየት ፈለግኩ፤ ከዚህ ሙያ ውስጥ ለእኛ ብቻ የተተወ ሥራ አለና። አኒሜሽን የሚማሩ ልጆቻችን የሚያገኟቸው የአፍ ቅርፅ ሠንጠረዦች በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። አማርኛ የራሱ አፍ አለው። ፊደላችንን በሰባቱ ድምፅ መስታወት ፊት ቁጠሩት፦ «ሉ» ስትሉ ከንፈር ወደፊት ይሾላል፤ «ሊ» ላይ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ «ላ» ላይ አገጭ ይወርዳል፤ «ሎ» ላይ ከንፈር ክብ ሠርቶ ይከፈታል። «ሟ» እና «ቧ» ደግሞ ከንፈር ከተዘጋበት ሾሎ ወጥቶ ወዲያው ይከፈታል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ፀ ናቸው። «ቆይ፣ ጠብቅ!» ብላችሁ ጉሮሮአችሁን ዳስሱ፤ ማንቁርት ወደ ላይ ዘለል ሲል ይሰማችኋል፤ ድምፁም ተጨንቆ ቆይቶ ነው የሚፈነዳው። የፀሐይ ስም ራሱ በዚህ ድምፅ ነው የሚጀምረው። ገጸ ባሕርይ የሚቀርፅ ኢትዮጵያዊ ከንፈሩን ሲሠራ ይህንን ሁሉ አስቦ ሥጋ ሊተውለት ይገባል። ከንፈሩ ስስ ሆኖ ከተቀረፀ በኋላ ማንም አንቀሳቃሽ «ጰ»ን አያስብለውም። ይህን ሥራ ከእኛ ሌላ ማንም አይሠራልንም።

ፀጉርም እንዲሁ ነው። በጭቃ ፀጉር ክር አይደለም፤ አንድ ግዙፍ ቅርፅ ነው። ሹሩባ ሲሆን ግን ከግንባር ወደ ኋላ የሚሄዱት ጉንጉኖች ራሳቸው የጭንቅላቱን ክብነት የሚናገሩ መስመሮች ይሆናሉ፤ ቀራፂ ቢጠይቅ የማያገኘው ስጦታ ነው። ነጠላ ደግሞ ፈተና ነው፤ ስስነቱን በጭቃ ማሳየት አይቻልም፤ የሚያሳየው ትከሻ ላይ ያለው እጥፋቱና የጥለቱ መውደቂያ ነው።

ሙያውን በሀገራችን ለመያዝ የሚፈልግ ሰው በአንድ በር ገብቶ አይወጣም። ቀረፃን በሥርዓቱ የሚማርበት ቦታ አለ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መጨረሻ የመሠረቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ጭቃውን፣ ጀሶውን፣ እንጨቱንና ብረቱን ያስተምራል። ኮምፒውተሩን ደግሞ ወጣቱ በራሱ ጊዜ፣ ሌሊት ሌሊት ቪዲዮ እያየ ይማራል። ሁለቱ ብዙ አይገናኙም። ከቀረፃ የተመረቀው ለአደባባይ ሐውልት ያስባል፤ ብሌንደር የሚያውቀው ማስታወቂያና የልጆች ቪዲዮ ይሠራል። በውጭ ሀገር ስቱዲዮ ለብዙ ሰው የሚከፋፈለውን ሥራ እዚህ አንዱ ልጅ ብቻውን ይሸከመዋል፦ ይስላል፣ ይቀርፃል፣ አጥንት ያስገባል፣ ያንቀሳቅሳል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይጠብቃል። እኔ የምለው በዚያች መብራት በጠፋባት ሰዓት ጭቃ ያንሳ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም፤ አንድ ሰዓት በእጅ የዳሰሱት ፊት ስክሪን ላይ ሳምንት ያተርፋል።

ደግሞስ ትንሽ የጭቃ ሰው መሥራት መች ከእኛ የራቀ ነበር! በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ሴቶች በእጃቸው ይሠሯቸው በነበሩ ትንንሽ ምስሎች ትታወቃለች። ልጅ ያቀፈች እናት፣ አንበሳ፣ አብረው የቆሙ ባልና ሚስት፤ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ዝርዝር የላቸውም፤ ዓይን ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ጭረት ወይም ብስ ነው። እናትየዋ ግን በአንገቷ አጣጣል ብቻ እናት እንደሆነች ታስታውቃለች። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የወለቃ ስም ከሸክላው ጋር ቀርቷል። እነዚያን ሴቶች ማንም የገጸ ባሕርይ ቀራፂ ብሎ አልጠራቸውም፤ እኔ እላቸዋለሁ።

ጉድጓዱ ዳር ካየሁት ልጅ በኋላ እኔም ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። ልጄ ደብተሯ ጀርባ ላይ አህያ ስላ ነበር፤ ወደ ጎን የቆመ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ወገን። እሱን ልቀርፅላት ቃል ገባሁ። የመጀመሪያውን በዋልካ ሠራሁት፤ ማታ አምሮ አደረ፣ በማግሥቱ አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ፣ በሦስተኛው ቀን ጭንቅላቱ ወደቀ። ዋልካ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን እጄ ላይ እስኪሆን አላሰብኩትም። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ከሽቦ አጽም የሚሠሩትና ዘይት ባለው፣ በማይደርቅ ጭቃ የሚቀርፁት ለካ ለዚህ ነው። ሌላም የሚጠቀሙት ዓይነት አለ፤ እስከፈለጉት ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻ 135 ዲግሪ አካባቢ ባለ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ይጠነክራል።

ከሰፈራችን የሕንፃ መሣሪያ መደብር ፌሮ የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ ገዛሁ። እጥፍ አድርጌ ገመድኩት፤ አንድ ረጅም ለጀርባና ለአንገት፣ ሁለት አጫጭር ለእግሮቹ። እግሮቹን ጣውላ ላይ በምስማር አሰርኩ። ገና ጭቃ ሳይነካው አህያው አህያ ካልመሰለ ጭቃው አያድነውም፤ ይህን ሽቦው ራሱ አስተማረኝ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጠረጴዛ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ዋናው መንገድ ላይ ቆሜ እህል የጫኑ አህዮች ሲያልፉ አየሁ። ጆሯቸው ወደ ኋላ ተኝቷል። አንገታቸው ከጀርባቸው በታች ወርዷል። የኋላ እግራቸውን ሰፋ አድርገው፣ ዳሌያቸው በየእርምጃው ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ቤት ገብቼ ሽቦውን በፒንሳ ያዝኩና አንገቱን ዝቅ፣ ዳሌውን ወደ ግራ ሰበር፣ ወገቡን ጎበጥ አደረግኩት።

ከዚያ ልጆች ትምህርት ቤት በሚይዙት፣ በማይደርቀው ባለቀለም ጭቃ ሥጋ ሰጠሁት። ጆሮውን ከእውነተኛው አስረዘምኩ፤ ሻኛው ጆሮው ነውና። በማንኪያ ጀርባ ደረቱን አለሰለስኩ፤ በስንጥር የአፍንጫውን ቀዳዳ ወጋሁ። ዓይኖቹ ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። ልጄ ሁለቱንም በአንድ ወገን ነው የሳለቻቸው፤ ምክንያቷ ግልጽ ነው፣ አህያው እንዲያያት ትፈልጋለች። በመጨረሻ ጭንቅላቱን ወደ ተመልካቹ ትንሽ አዞርኩት፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ታዩ።

ማታ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ አገኘችው። ጣውላውን በሁለት እጇ ይዛ ዙሪያውን አዞረችው፤ ጎንበስ ብላም ከሥር አየችው።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ምን ተሸክሞ ነው እንዲህ የደከመው?»

ጀርባው ላይ ምንም አልጫንኩበትም ነበር።